የራሴ ቅርጫት የተከፈተ ቀን

ይድረስ እናትም እህትም ለሆንሽኝ ለእትዬ።

እንዴት ነሽ? እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ዘንድሮ ብርዱን እንዴት ቻለው? ደረጃውን ስትወጪ እንደ በፊቱ ግድግዳ ትደገፊያለሽ ወይስ ልጄ ክንድሽን ትይዝልሻለች? አክስቴስ እንዴት ናት? ጆሮዋ አሁንም የሚፈልገውን መርጦ ነው የሚሰማው? ልጄስ? ቁመቷ ትከሻዬ ጋ ደረሰ ብለሽ የጻፍሽልኝ ቆይቷል፤ ይኼኔ ቁልቁል ሳታይሽ አትቀርም። እኔ በጣም ደኅና ነኝ። ናፍቆታችሁ እንዳለ ነው፤ ግን ዛሬ እንደ ወትሮው አልከበደኝም። ለምን እንዳልከበደኝ በአንድ መስመር ጽፌ ልገላገለው እችል ነበር። እንዲህ ያለ ወሬ ግን በችኮላ አይነገርም። ስለዚህ ቁጭ በይ፤ መነጽርሽን አድርጊ። ዓይንሽ ሲደክም ልጄ ትቀበልሽና ታንብብልሽ።

እንደምታውቂው እዚህ የመጣሁት ዛጎል ልፈገፍግ ነው። ፈግፋጊ የሚያድረው በጋራ መኝታ ቤት ነው፤ አልጋዬ ከአንዷ ሳል እና ከሌላዋ ማንኮራፋት መካከል ነበር። ዛጎል ውስጥ የዕንቁ ዘር የሚያስገባ፣ ዘር ተካይ የሆነ ሰው ግን ሁለት ክፍል ቤት ይሰጠዋል፤ ቤተሰቡንም ማምጣት ይፈቀድለታል። ባለፈው ደብዳቤዬ አንድ ቅርጫት ዛጎል ለሙከራ ተሰጥቶኛል ያልኩሽ ለዚህ ነበር። ቅርጫቱ ሲከፈት ካማረ ዘር ክፍል እገባለሁ፤ ልጄንም አያለሁ። ካላማረ ብሩሼንና ቢላዬን ይዤ ወደ መፈግፈጊያው ገበታ ተመልሼ እዚያው አረጃለሁ። ሁለተኛ ሙከራ ለማንም አይሰጥም። ታዲያ ያ ቅርጫት በዚህ ሳምንት ተከፈተ።

ስለ ቅርጫቱ ከማውራቴ በፊት ሥራውን ላስረዳሽ፤ አለበለዚያ ምን እንዳስጨነቀኝም ምን እንዳስደሰተኝም አይገባሽም። አክስቴ ልጆች ሳለን ስለ ዕንቁ የምትነግረንን ታስታውሻለሽ? ዛጎል ጎህ ሲቀድ ከባሕሩ ብቅ ትልና አፏን ከፍታ አንዲት የጤዛ ጠብታ ትጠጣለች፤ ጠብታዋም ሆዷ ውስጥ ረግታ ዕንቁ ትሆናለች ትለን ነበር። ውሸት መሆኑን ቀስ ብለሽ ንገሪያት። ወይም ተይው፤ ለምን ታዝናለች። ዛጎል ከሥሯ ባወጣችው ክር ድንጋይ ላይ ራሷን አስራ የምትኖር ፍጥረት ናት፤ ብቅ ልበል ብትልም መሄጃ የላትም። አሸዋ ገብቶባት ነው የሚሉም አሉ። እሷ ግን ከአሸዋ ጋር ተወልዳ ከአሸዋ ጋር ያደገች ስለሆነች አያስቸግራትም፤ እንትፍ ትለዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅርፊቷን ከውስጥ የሚያለብስ ስስ ሥጋ አላት፤ እኛ ቀሚሷ እንለዋለን። ቤቷን የምትሠራው በዚህ ቀሚስ ነው። ከቀሚሷ የሚወጣው ነገር በቅርፊቷ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ስስ ሆኖ ይለጠፋል፤ ይጠነክርና ሌላ በላዩ ይደረባል። ዛጎል ስትከፍቺ ቀስተ ደመና መስሎ የሚያብለጨልጨው እሱ ነው። አንዳንዴ ታዲያ ትል ቢጤ ቅርፊቷን ቦርቡሮ ይገባል፤ ወይም ዓሣ ይነክሳትና ከቀሚሷ ትንሽ ቁራጭ ተበጥሳ ወደ ሥጋዋ ትሰምጣለች። ያቺ ቁራጭ ከቤቷ ርቃም ሙያዋን አትረሳም። በዙሪያዋ ትንሽ ከረጢት ትሠራለች፤ ግድግዳ መለጠፏንም ትቀጥላለች። የምትለጥፍበት ግድግዳ ስለሌለ ግን ሥራዋ ዙሪያውን ይሽከረከርና ድቡልቡል ይሆናል። ዕንቁ ማለት ይኸው ነው። ዕንቁ የዛጎል እንባ ነው፣ የሕመሟ ልጅ ነው ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ስታለቅስ አላየኋትም። ቤቷን በምትለብጥበት እንግዳዋንም ትለብጠዋለች፤ ሌላ ነገር አታውቅም።

ይህን መጀመሪያ የሰማሁ ቀን የታየኝ ምን እንደሆነ ልንገርሽ? የቤታችን ግድግዳ ነው። ንፋስ እንዳይገባብን በየዓመቱ አዲስ ጋዜጣ በአሮጌው ላይ በዱቄት ሙጫ ትለጥፊ አልነበር? ከአልጋዬ ራስጌ ያለችውን ምስማር አስታወስሻት? አንገቷ ተሰብሮ አልነቀል ብትልሽ ጉጠቱን ወረወርሽና፣ «ኖረች ኖረች፣ በላይዋ እለጥፍባታለሁ» አልሽ። በመጀመሪያው ዓመት ጋዜጣውን ቀደደችው። በሚቀጥለው ጎበጥ ብላ ቀረች። ከዚያ እያደር ለስልሳ ለስልሳ የእንቁላል ጫፍ መሰለች። እኔ እንቅልፍ እስኪወስደኝ በአውራ ጣቴ አሻት ነበር። ፊደልም የለየሁት ከዚያው ግድግዳ ነው። አንዳንዱን ገልብጠሽ ትለጥፊው ስለነበር እስከ ዛሬ የተዘቀዘቀ ጽሑፍ ያለ ችግር አነባለሁ፤ ሥራ አስኪያጇ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስትጽፍ ሳልፈልግ ሁሉ አነብላታለሁ። ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ የሚቀር ግማሽ ዕንቁ አለ። ባየሁት ቁጥር ያቺ ምስማር ትዝ ትለኛለች።

በራሱ የሚፈጠር ዕንቁ ግን ብርቅ ነው። እዚህ አንድ አዛውንት ጠላቂ አለ። በወጣትነቱ አባቱና እሱ ትንፋሻቸውን ይዘው ባሕር ወለል እየወረዱ ዛጎል ይለቅሙ ነበር። የተከፈተው ቅርፊት ደጃቸው ላይ ጉብታ ሆኖ ፍየል ይወጣበት ነበር ይላል። ከዚያ ሁሉ የተገኘችው አንዲት ምስር የምታህል ጠማማ ዕንቁ ናት፤ አባቱ እሷኑም ለእናቱ ሊያሳይ ሲሮጥ ከእጁ ሾልካ በወለሉ ሳንቃ መሐል ገባች። ቤቱን አፈረሱት ወይ ብለን ስንጠይቀው፣ «እናቴ ከሁለት አንዱን ምረጥ አለችው፣ እኔን ወይ ወለሉን» ይላል።

ሰው ታዲያ ዕድሉን ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይሆንለትም፤ ዓሣ በጥርሱ የሚያደርገውን በእጁ ሊያደርገው ተነሣ። ዛጎሎቹን ገና ጥፍር ሳያህሉ በገመድ ላይ እንሰበስባቸዋለን፤ በቅርጫት ሆነው ባሕሩ ውስጥ ተንጠልጥለው ያድጋሉ። እኛ ፈግፋጊዎች በላያቸው የበቀለውን አረምና የሙጥኝ ያለውን ተባይ ሁሉ እናነሣለን፤ አለዚያ ይታፈናሉ። ሲጎለምሱ ዘር ክፍል ይገባሉ። ዘር ተካዩ የዛጎሏን አፍ በትንሽ የእንጨት ሽብልቅ ይደግፋል፤ ጣት በማያስገባው ክፍተትም ሥጋዋን ይሰነጥቃል። ከሌላ ዛጎል ቅርፊት ተሞርዶ የተድቦለቦለ ዘር ያስገባል። ከዘሩ ጎን ደግሞ ከሌላ ዛጎል ቀሚስ የተቆረጠች፣ ከምስር ክክ የማትበልጥ ቁራጭ ያስጠጋል። ጉዳዩ ሁሉ ያለው በዚህች ቁራጭ ላይ ነው። ከሌለች ዘሩ ጠጠር እንደሆነ ይቀራል፤ ተገልብጣ ከገባችም ያው ነው። ከመጠን በላይ ከተለቀች ዕንቁው ጅራት ያበቅላል። ከዚያ ሽብልቁ ይነቀላል፤ ዛጎሏም ረጋ ያለ ውኃ ውስጥ ታርፋለች። የቀረው የእሷ ሥራ ነው። አንድ ጎብኚ ይህን ሁሉ አይቶ፣ ታዲያ ይኼ የውሸት ዕንቁ ነው ማለት ነዋ ብሎን ነበር። ገበታ የምትጋራኝ ፈግፋጊ፣ በምላሷ የተነሣ ምላጭ የምንላት፣ ቀና ሳትል፣ «አዋላጅ የረዳችው ልጅ የውሸት ልጅ ነው?» አለችው። ደንግጦ ይቅርታ ጠየቃት።

እኔ ይህን ሁሉ ከማን ተማርሽ እንደምትይኝ አውቃለሁ። ከቁርጥራጭ ነው። የዘር ክፍሉ መሣሪያ ተጠቅልሎ የሚመጣበት ወረቀት አለ፤ ከምንጠርገው ቆሻሻ ውስጥ እያነሣሁ አነበው ነበር። አንድ ቀን ከአሮጌ የሙያ መጽሐፍ የወጣ ገጽ አገኘሁ፤ ታችኛው እኩሌታ ተቀድዷል። ስለዚህ ዛጎሏን መክፈት አውቄ መዝጋት ሳላውቅ ከረምኩ። በምሳ ሰዓት የሞቱ ዛጎሎች እያነሣሁ፣ ከኩሽና ባመጣሁት ሽምብራ መትከል እለማመድ ነበር። ምላጭ፣ «ምነው እቴ፣ ለሬሳ ክትባት ጀመርሽ?» ትለኛለች።

ዋናው ዘር ተካይ ጋሼ ትንፋሽ ይባላል። ስሙ አይደለም፤ ሥራ ላይ ሲሆን አጠገቡ የቆመውን ሁሉ ትንፋሽህን ያዝ ስለሚል ነው። ይኸው ሰው ድምፅ ሳያሰማ ከኋላዬ ቆሞ ሲያየኝ ቆይቶ ኖሯል። ዘወር ስል ደነገጥኩ። ከዛጎሏ ውስጥ ሽምብራዋን በመቆንጠጫ አውጥቶ አገላበጣት። «ሽምብራ ገበሬም ይተክላል» አለኝና ሄደ። ያን ቀን እንባዬን እየዋጥኩ ዋልኩ። በማግስቱ ከእውነተኛ ዘር ጋር አጠገቡ እንድቀመጥ ጠራኝ። ሳያሞግስም ሳይቆጣም አስተማረኝ፤ ከርሞ ከርሞ የሙከራ ቅርጫት ይሰጣት ብሎ ለሥራ አስኪያጇ ነገረልኝ።

እና ምን አደረግሁ መሰለሽ? ገና ከመጀመሪያው አበላሸሁት። ከተከላ በፊት ዛጎሎቹ ጠባብ ቅርጫት ውስጥ ተጨናንቀው ምግብ ወዳነሰበት ውኃ ይወሰዳሉ። እንዲደክሙ ነው፤ የደከመች ዛጎል ስትሰነጠቅ አትታገልም፤ ዘሩንም አትተፋም። ይህን አላወቅሁም ነበር። እነዚያ ምስኪኖች ተጠጋግተው አፋቸውን ከፈት ከደን ሲያደርጉ አንጀቴ አልቻለም። ደግሞም ከዚያች ቁራጭ ገጽ ላይ የመጨረሻው መስመር «በሚገባ የተመገበች ዛጎል ያማረ ዕንቁ ትሰጣለች» ይላል፤ ከዚያ በኋላ የተቀደደው ነው። ስለዚህ ማንንም ሳልጠይቅ ሰፋ ሰፋ ባለ ቅርጫት አከፋፈልኳቸውና ወራጁ ውኃ መሐል ሰቀልኳቸው። ደስ ሲሉ! ጠግበው ቅርፊታቸው ሁሉ ወዘና አወጣ። የጎረቤት ልጅ ሁሉ ሳያበሉ አለማሳለፍን ከአንቺው ነው የወረስኩት፤ ስለዚህ ጥፋቱ ግማሹ ያንቺ ነው።

ተክዬ ስጨርስ እጄ ዝሏል፤ ዛጎሎቹ ልክ እንደ በሬ ይታገሉኝ ነበር። ከተተከሉ በኋላ በእያንዳንዷ ሥር ትንሽ መረብ ይታሰራል፤ የተፋች እንደሆነ ዘሩ እዚያ ይወድቃል። መረቡ የሚታይበት ቀን ከጋሼ ትንፋሽ ጋር በጀልባ ሄድን። የመጀመሪያውን ገመድ ሲስበው በየመረቡ ውስጥ ዘሩ እንደ በረዶ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። ከሌላውም እንዲሁ። እኩሌታው ተተፍቶ ነበር። እትዬ፣ በሕይወቴ እንዲያ የሆንኩበት ቀን ብዙ አይደለም። ያየሁት ዘሩን አልነበረም፤ ልጄ ዕቃዋን አስራ በር ላይ ቆማ፣ አይ ቀርቷል ስትባል ነው የታየኝ።

ምን ሆነው ነው አለኝ። ያደረግሁትን ነገርኩት። ገመዱን ወደ ውኃው መለሰው። «አዝነሽላቸው ጉልበት ሰጠሻቸው፤ በሰጠሻቸው ጉልበት ተፉብሽ» አለኝ። «መራቡ ፊት ነው፣ መብላቱ ኋላ ነው። አሁን አብያቸው።» ከተቀደደው ላይ የቀጠለውም «ይኸውም ከተተከለባት በኋላ ነው» የሚል እንደነበር ኋላ ከራሱ መጽሐፍ አሳየኝ፤ ሁለታችንም አልሳቅንም።

የገመድ ሹሙ፣ ገመዶቹን ሁሉ የሚያዝ ሰው ነው፣ የተፉትን አውጥተን ለሌላ ተካይ እንስጣቸው አለ። ጋሼ ትንፋሽ አይሆንም አለ። እዚህ አንድ ደንብ አለ፤ የአዲስ ተካይ ቅርጫት በራሷ እጅ ሁሉም ባለበት ሳይከፈት ማንም ከውስጡ አንዲት አያነሣም። የተፉትም ያልተፉትም ቀይ ጨርቅ ታስሮባቸው ወደ ዳሩ ገመድ ሄዱ። እኔም ወደ መፈግፈጊያው ገበታ ተመለስኩ። ምላጭ አንድ ሁለት ቀን ዝም አለችኝ፤ እሷ ዝም ስትል ነው የሚያስፈራው። በሦስተኛው ቀን፣ «የቀይ ጨርቋ እመቤት፣ ቢላሽ ዶልዱሟል» ብላ የራሷን የተሳለ ቢላ ወረወረችልኝ። ያኔ ነፍሴ መለስ አለች።

ከዚያ በኋላ ያ ርኅራኄዬ ጊዜውን አገኘ። ቀይ ጨርቅ ያለበትን ገመድ በየዕረፍቴ እየሄድኩ እፈገፍጋለሁ፤ አረም አላስጠጋም፤ ጎርፍ ወንዙን አደፍርሶ ወደ ባሕሩ ሲያመጣው ከጠላቂው ጋር ወደ ጥልቁ ዝቅ አደርጋቸዋለሁ፤ ሲጠራ ከፍ አደርጋቸዋለሁ። ጠላቂው፣ «ለእኔ እንኳ እንዲህ የሚጨነቅልኝ የለም» እያለ ይሥቅብኛል። የተፉትንም ከሌሎቹ ለይቼ አላውቅም። ምን እንደያዙ አላውቅም ነበር፤ ባዶ መስለውኛል። ግን በሕይወት አሉ፣ ይበላሉ፣ ምን ላድርግ።

ወቅቱ እስኪበርድ ጠበቅን። ውኃ ሲቀዘቅዝ ዛጎሏ ዝግ ትላለች፤ የምትለጥፈውም እየሳሳ፣ እያማረ፣ እየጠራ ይሄዳል፤ ዕንቁው ላይ ያለው ብርሃን የመጨረሻው ልባስ ነው። ዕንቁ የሚወጣበት ጊዜ ሲደርስ ቀይ ጨርቄ መጀመሪያ ይውጣ ተባለ።

ጠዋት ነው። ረጅሙ ገበታ ታጥቧል፤ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎበታል። ፈግፋጊዎቹ ብሩሻቸውን እንደያዙ መጡ፤ የገመድ ሹሙ በር ተደግፎ ቆመ፤ ሥራ አስኪያጇ እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ከገበታው ራስ ተቀመጠች። ጋሼ ትንፋሽ ቢላውን በእጀታው በኩል ሰጠኝ። ትንፋሽሽን ያዢ አላለኝም፤ መያዜን አይቷል። የመጀመሪያዋን ከፈትኩ። ዘሩ የተተከለበትን ቦታ ዳበስኩ፣ ምንም። ባዶ። ከቧንቧው ውኃ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ከጀርባዬ ምላጭ፣ «እሷስ የበር ጠባቂው ድርሻ ናት፣ ቀጥዪ» አለች።

ሁለተኛዋን ከፈትኩ። አውራ ጣቴ ሥጋውን ገፋ ሲያደርገው ጠንካራ ነገር ነካኝ። ያቺ ምስማር መሰለችኝ። በጥንቃቄ ስሰነጥቀው ወጣና መዳፌ ላይ ተንከባለለ፤ ክብ፣ ነጭ፣ ውስጡ ትንሽ ሮዝ ያለበት፣ መስኮቱም የኔም ፊት በላዩ ላይ የሚታይ። ጅራት የለውም፤ ጠባሳ የለውም። ጨርቁ ላይ አኖርኩት። ሦስተኛዋም አላት። አራተኛዋም አላት። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ፤ እጄ ብቻ ይሠራል፤ ጨርቁ ላይ ያለው እየበዛ ሲሄድ ከኋላዬ ያለው ትንፋሽ ሲለወጥ ይሰማኛል። የጠገቡት ዛጎሎቼ ከያዙ አይቀር አለባብሰው አልለበጡም፤ ልባሱ ወፍራም ነበር። ጋሼ ትንፋሽ አንዷን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ይዞ ለረጅም ጊዜ አያት።

ከዚያ የተፉት ተራ ደረሰ። የገመድ ሹሙ እነዚህን እንኳ ተያቸው፣ ጊዜ አትፍጂ አለ። የቅርጫቴ ናቸው፤ ከፈትኳቸው። በመጀመሪያዋ ውስጥ የሆነች ነገር ብልጭ አለች። ትንሽ ናት፤ ክብ አይደለችም፤ የእንባ ዘለላ ትመስላለች። ዘሩ ወጥቶ ያቺ የቀሚስ ቁራጭ ብቻዋን ውስጥ ቀርታ ኖሯል። የምታቅፈው ሳይኖራት ሙያዋን ስትሠራ ከርማለች። ከሚቀጥለውም ወጣ፣ አንዱ የአበባ ቅጠል መሳይ፣ አንዱ የወፍ ምላስ መሳይ። ብርሃናቸው ከክቦቹም ይበልጣል። ሁሉም ወደ ገበታው ተጠጋ። የመጡት ደንቡን ለማድረስ ብቻ መሆኑን ረስተው አንገታቸውን አስገቡ። ጋሼ ትንፋሽ ለሥራ አስኪያጇ፣ «ይህ ከዳር እስከ ዳር ዕንቁ ነው። መሐሉ ላይ ዘር የለም» አላት። ዘሩ ሲተፋ ቁራጯ አብራ ካልወጣች የተቀመጠችው በቦታዋ ነው ማለት ነው ብሎም አስረዳት።

ሥራ አስኪያጇ አንዱን በጣቷ አንከባለለች። የተበላሸው እጇ ሳይሆን ቅርጫቱ ነው ማለት ነው አለች። አዎን አላት። ወደ እኔ ዞረች። ብዙ የማታወራ ሴት ናት። «እጅሽ ዘር ክፍል ይግባ» አለችኝ። «ቅርጫቱን ግን ሌላ ሰው ያጨናንቅልሽ።»

ሳቁ ጣራውን ሊያነሣው ነበር። ምላጭ ከኋላ አንገቴን አንቃ ያዘችኝና የዛጎል ውኃ በነካ እጇ ፊቴን አበሰችው፤ እያለቀሰች ነበር፤ ደግሞ፣ «በይ እንግዲህ፣ ማን ያንኮራፋልኝ?» ትላለች። እኔ እንደማንኮራፋ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ጋሼ ትንፋሽ የራሱን መቆንጠጫ ከኪሱ አውጥቶ ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ።  በመጨረሻ በደንቡ መሠረት ከቅርጫቷ አንድ ጠማማ ዕንቁ ለአዲሷ ተካይ ይሰጣልና ምረጪ አሉኝ። ያቺን የእንባ ዘለላ የምትመስለውን፣ ከተፋችው የወጣችውን መረጥኩ። የልጄ ናት። በፖስታ አልልካትም፤ መጥታ ከእጄ ትቀበለኝ።

ቤቱን ትናንት ተረከብኩ። ሁለት ክፍል ነው፤ መስኮቱ ገመዶቹን ያሳያል፤ በሩ ሲከፈት ወለሉን ይጫጭራል፤ ደረጃ የለውም፤ ጉልበትሽን አስቤ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ሁለት ቁልፍ ሰጡኝ። እትዬ፣ ልጄን ብቻ ላኪልኝ አልልሽም። በእግሯ ሳትሄድ ነው የተቀበልሽኝ፤ እናቴ ብላ የምትጠራሽም አንቺን ነው። ደግ አደረገች፤ እኔንም ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽ? ሁላችሁም ኑ። በዚህ ዕድሜዬ በሰው አገር ምን እሠራለሁ እንደምትይ አውቃለሁ። እዚህ ሁላችንም ከሌላ ቦታ የመጣን ነን። አክስቴም ትምጣ፤ ባሕሩን ጎህ ሲቀድ ቁጭ ብላ ትጠብቀው፤ ዛጎል ብቅ ትል እንደሆነ ታያለች። እንዲያውም መሐሉ ዘር የሌለው ዕንቁ አገኘሁ በያት። እንግዲህ ጤዛው ነው የረጋው ካለች ትበል፤ በዚህስ አልከራከራትም።

አንድ ነገር ብቻ ይጎድላል። ግድግዳው ሳንቃ ነው፤ በየስንጥቁ ንፋስ ይገባል። ጠላቂው ቀለም ልቀባልሽ አለኝ፤ እንቢ አልኩት። የገመድ ሹሙ ደግሞ ምርቃት ይሁንሽ ብሎ ጉጠት ይዞ መጣ፤ ለልጄ ካሰብኩት አልጋ ራስጌ አንዲት የተሰበረች ምስማር ኖራለች፤ ልንቀላት አለ። ተዋት አልኩት። ግራ ገብቶት ሄደ።

አክስቴን ከእግሯ ሥር ተንበርክካ ሳመችሽ በዪልኝ፤ በደኅናው ጆሮዋ በኩል ጮክ ብለሽ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን፣ ልጄ ስትታመም አብራሽ ያደረችውን፣ አመስግኝልኝ፤ መኪናዋን አሁንም በምሽት ስታንቀጠቅጠው ሰፈሩ ይነቃል ወይ? አንቺ ልጄ፣ ይህን የምታነቢው አንቺ ከሆንሽ፣ ድምፅሽን አሁን የሰማሁት ያህል ነው፤ እስክትመጪ ቁመትሽን በየት በኩል እንደምገምት ቸግሮኛል፤ አልጋሽን ረዘም አድርጌ አሠራዋለሁ። እትዬ፣ አንቺን ግንባርሽን፣ ጉልበትሽን፣ ሙጫ ያቦኩትን እነዚያን ጣቶችሽን እስማለሁ። ጋዜጣ ማጠራቀም ጀምሬያለሁ፤ ዱቄቱም አለ። አንቺ እጅሽን ብቻ ይዘሽ ነይ።

እህትሽ

ከባሕሩ ጠርዝ፣ ከአዲሱ ቤት
ጥር አጋማሽ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ